ቅባቱን ከመግዛትሽ በፊት

ልጄ፣ ግንባርሽና ጆሮሽ ዳር ፀጉርሽ እየሳሳ መሆኑን ስትነግሪኝ የጠየቅሽኝ የቅባት ስም ነው። ቅባቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለምን እንደሄደ ይታወቅ። አንዷን የጠቀመ መድኃኒት ለሌላዋ ብር ማባከኛ ነው። ቆይተሽ ብትጠብቂው ራሱ የሚመለስ አለ፤ በዘገየሽ ቁጥር ጨርሶ የማይመለስም አለ።

ማበጠሪያው ላይ የምታዪው ሁሉ አያስደንግጥሽ። ራሳችን ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ፤ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ይረግፍበታል። ሹሩባ ሰንብቶ ሲፈታ ደግሞ የከረመው በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ጭብጥ ይሞላል።

ያንቺ ግን ዳር ዳሩን ነው፤ ይኼ የመጎተት ነው። ቁጥርጥሩ ሲጠብቅ፣ በላዩ ሂውማን ሄር ሲጨመርበት፣ ሥሩ ቀንም ሌሊትም ይሳባል። ተሠርተሽ ስትነሺ ራስሽን ካመመሽ፣ ትራስ ላይ መተኛት ካቃተሽ፣ በየሥሩ ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ ጠብቋል። «ሲላመድሽ ይለቅሻል፣ ቻይው» የምትልሽን ሠሪ አትስሚያት፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እያለሽ አላዪልኝ በያት። ሹሩባ በራሱ ነውር የለበትም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ተሠርተው ነው የነገሡት። ጥፋቱ ማጥበቁ ነው፤ ሪላክሰር የነካው ፀጉር ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በጊዜ ካላላሽው ይመለሳል። ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ቆዳው ለስልሶ ካብለጨለጨና የፀጉሩ ቀዳዳ ከጠፋ በኋላ የሚያበቅለው ቅባት የለም። አንቺ ጋ ገና ለስላሳ ፀጉር ይታያል፤ ስለዚህ ለጥቂት ወራት ፈትተሽ ተቀመጪ። ቅቤሽን ተቀቢ፣ ደረቅ ፀጉር እንዳይሰባበር ያለሰልሳል። የሞተ ሥር ግን አያስነሳም፤ ይኼንን ለእናትሽም ንገሪልኝ።

ከአናት መሃል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል መሳሳት ካየሽ ደግሞ አንድ ወር እንኳ አታሳድሪው። እሱም ጠባሳ ከሚተዉት ወገን ነው።

እህትሽ ከወለደች ወዲህ እፍኝ እፍኝ ይነቀላል ብላ ማልቀሷን ሰምቻለሁ። አይዞሽ በያት። ከወሊድ፣ ከታይፎይድ፣ ከከባድ ትኩሳት ሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ፣ ዕረፍት የገባው ፀጉር ሁሉ ተያይዞ ይረግፋል። ሥሩ ደኅና ስለሆነ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ቶሎ ካልተመለሰ የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ ታድርግ።

የትንሹ ወንድምሽ ነገር ግን አሳስቦኛል። ያ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩን ከሥሩ የሚሰብረው ቆረቆር ነው፤ የፈንገስ በሽታ ነው፣ ይጋባል። በከተማችን በሳጉሬ ብርድ ልጆች ኮፍያ ሲለዋወጡ ይውላሉ፣ ማበጠሪያና ምላጭም የጋራ ነው። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም፤ የሚዋጥ ያስፈልገዋል። ግሪሶፉልቪን ከታዘዘለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፣ ቅርፊቱ ጠፋ ተብሎ አይቋረጥም። የቤቱ ልጆች ሁሉ ራሳቸው ይታይ።

ከዚህ ጋር ላሽን አታምታቺው። ላሽ ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ አይጋባም፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሞላል፤ እንቢ ካለ ሐኪም ቦታው ላይ መርፌ ይወጋል። ነጭ ሽንኩርት እየፈተጉ ቆዳቸውን ያቃጠሉ አውቃለሁ።

ታላቅ ወንድምሽን በተመለከተ፣ ኮፍያው ነው የጨረሰው የሚሉትን ተዪአቸው። ኮፍያ ራሰ በራነትን ይደብቃል እንጂ አያመጣም። የሱ ከዘር የመጣ ነው፣ ከእናትም ከአባትም ይወረሳል፤ ሥሩ በወንድ ሆርሞን በቀላሉ ስለሚጎዳ እያነሰ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ኪኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ራስ ላይ የሚቀባውን ፈቀደች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ሊያረግፍ ይችላል፣ ፍሬው የሚታየው ከ4 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው፣ ሲቆም ደግሞ ያበቀለው ይሄዳል። ፊናስተራይድ በ1997 እ.ኤ.አ. ለፀጉር የተፈቀደ የወንዶች ኪኒን ነው፤ የጥቂቶችን የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር አይጀምር። ሚስቱ ካረገዘች የተሰበረውን ኪኒን በእጇም አትንካው፣ ወንድ ፅንስን ይጎዳል።

ኢስታንቡል ሄዶ ማስተከሉንም እያሰበ ነው አሉ። ተከላ ከማጅራት ያለውን ፀጉር ወደ ፊት ማዛወር ነው፣ አዲስ አይፈጠርም፤ ያልተነካው ቦታ መሳሳቱንም አያቆምም። ተበድሮ ከሚሄድ ተላጭቶ ቢቀመጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ደግሞም ያምርበታል።

የልጁን ቆረቆርና፣ ካስፈለገ የእህትሽን ደም፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ አሳዪ። ያንቺን አሰላ፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ጠይቂ፤ ወደ አዲስ አበባ ከላኩሽ አለርት አለ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ተቋቁሞ ዛሬ የቆዳ ሕመም ሁሉ የሚታይበት ነው። ስትሄጂ ፀጉርሽን ፈትተሽ፣ ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ ሂጂ፤ ቅቤና ሹሩባ ሐኪሙ እንዳያይ የራስ ቆዳሽን ይጋርዱበታል። እስካሁን የተቀባሽውንም፣ ከገበያ የገዛሽውን ስም የሌለው ጠርሙስ ጨምረሽ፣ በፌስታል ይዘሽለት ግቢ።