ካሣና ንስሓ

የሰው መኪና ገጭቶ የጐዳ ሰው የማሠሪያውን ዋጋ ብቻ ቢከፍል ዕዳውን ፈጽሟልን? ብረቱ ቢቃና፥ ቀለሙም ቢታደስ፥ ገዢ «የተገጨ ነው» ብሎ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም ጉድለት የባለቤቱ እውነተኛ ኪሳራ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋራ እኩል እንዲሆን ይደነግጋል። የሙሴም ሕግ (ዘኍ. 5፥7) በዳዩ ኀጢአቱን እንዲናዘዝ፥ ዋናውንም ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋራ እንዲመልስ ያዝዛል፤ ኑዛዜን ከካሣ አልለየም። ስለዚህ ባለቤቱ ያላስተዋለውን ጉድለት በዳዩ ዐውቆ ዝም ቢል፥ ዳኛ ባይጠይቀው እንኳ ኅሊናው ይጠይቀዋል። ተበዳዩም የቀድሞውን ጭረት በአዲሱ ግጭት አሳብቦ ከጉዳቱ በላይ ቢቀበል፥ እርሱ ራሱ በዳይ ይሆናል።

እንግዲህ የንስሓ አባት «ተጸጽተሃልን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «መልሰህለታልን?» ብሎ መጠየቅም ይገባዋል። ልዑል እግዚአብሔር እውነተኛውን ሚዛን ያድለን፤ አሜን።