የተመላሽ ዕዳ

ሰው ከሩቅ አገር ተመልሶ የቤቱን ደጃፍ በረገጠ ጊዜ መንገዱ ተፈጸመ ይባላል። ጓዙ ይወርዳል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ዳሩ ግን በመንገድ ሳለ ለእግዚአብሔር የተሳለው ነገር ቢኖር፥ ወይም እርሱ በባሕር ላይ ሳለ ሚስቱ ስለ እርሱ የተሳለችው ቢኖር፥ ይህ ሰው በእውነት ወደ ቤቱ ገብቷልን? ወይስ ገና መንገደኛ ነው? ነገሩ ባልና ሚስት በአንድ ዕዳ እንዴት እንደሚያዙ የሚያስመረምር ነውና ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ይህን ለመመልከት ድሬዳዋን የመሰለ ስፍራ የለም። ድሬዳዋ ባሕር የሌላት የባሕር ከተማ ናት። የጅቡቲ ምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልሆነለት በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰና ከተማይቱ በሐዲዱ ዳር ተቈረቈረች። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌምም ሆነ ወደ አውሮፓ በመርከብ የሚሄድ መንገደኛ በርሷ በኩል አለፈ፤ ከመርከብ የወረደውም ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ በረሓ አቋርጦ በከዚራ ጣቢያ ሲወርድ አገሬ ገባሁ አለ። ከከተማይቱ በላይ በተራራው መንገድ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል አለ። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ስለ ምስጋና እንዳሠሩት ይነገራል፤ እርሳቸውም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ቀን ስእለቱን ሊያደርስ የሚመጣ ሕዝብ ድሬዳዋን ያጨናንቃታል። እንግዲህ ከባሕር የሚያስገባው መንገድና ወደ ስእለት የሚያወጣው መንገድ በአንዲት ከተማ ይገናኛሉ።

የራስ መኰንን ልጅ፥ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ ከወይዘሮ መነን ጋር የተጋቡት በ1903 ዓ.ም. በሐረር ነበረ። ከ25 ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በባቡር ተነሡ። ባቡሩ በድሬዳዋ ቆመ። ትዳር የያዙበት አገር ከዚያ ተራራ በላይ ነበረ፤ እነርሱ ግን ወደ ባሕር ወረዱ። ሚያዝያ 26 ቀን ከጅቡቲ ኤንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ፤ ሚያዝያ 30 ቀንም ሐይፋ ደረሱ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ እንደገና በባሕር ወደ እንግሊዝ አገር ሲያልፉ እቴጌይቱ በኢየሩሳሌም ቀሩ። በዚያም የስደት ዘመን በቤተ ልሔም፥ በጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን፥ ኢትዮጵያ ነፃ የወጣች እንደ ሆነ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የደፉትን ዘውድ ሊሰጡ ተሳሉ።

መመለሳቸውም እንደ አወጣጣቸው አልሆነም። ንጉሠ ነገሥቱ በአየር እስከ እስክንድርያ፥ ከዚያም በሱዳን በኩል አድርገው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። እቴጌይቱ ከዚያ በኋላ መጡ። ሁሉም አልተመለሰም፤ ልዕልት ሮማነ ወርቅ በ1933 ዓ.ም. በኢጣልያ በምርኮ ሳሉ ዐርፈው ነበርና። አብረው በአንድ መርከብ የወጡት ባልና ሚስት በየመንገዳቸውና በየጊዜያቸው ገቡ ማለት ነው። ስእለቱ ግን ገና ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በስደት ያለ ሰው ዘውድ ምን ይሠራለታል? አገር የሌለው ዘውድ ወርቅና ዕንቊ ብቻ ነው። አገሩ በተመለሰች ቀን ግን ዘውዱ ዋጋውን መልሶ ያገኛል። እንግዲህ ስእለቱ በተሳሉበት ቀን ቀላል የነበረው በሚከፍሉበት ቀን ከብዶ ይገኛል። በቁልቢም ይኸው ነው፤ በሬ የሌለው ሰው በሬ ይሳላል፤ በሬውን ባገኘ ጊዜ ግን የሚያርስበት ነው።

በዮናስ መጽሐፍ ያሉት መርከበኞች በዚህ ረገድ የሚያስደንቁ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳለው ማዕበሉ ሲናወጥ ነው፤ እነዚያ ግን የተሳሉት ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነበረ። አሕዛብ ሲሆኑ፥ የሚለምኑት ነገር በሌለበት ሰዓት ተሳሉ። ስእለት ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ ነው ብሎ የሚነቅፍ ሰው ለእነርሱ መልስ ሊፈልግላቸው ይገባዋል።

ዳሩ ግን ዘውድ የግል ጌጥ አይደለም፤ የመንግሥት ነው፤ ለብቻ ሊሳሉት ይገባልን? የሚል ቢነሣ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ዮፍታሔ ከጦርነት በሰላም ቢመለስ ከደጃፉ ወጥቶ የሚቀበለውን ሊሠዋ ተሳለ፤ ከበሮ ይዛ የወጣችው አንዲት ልጁ ሆነች። ወደ ቤቱ መመለሱን በቤቱ ገዛው። ነገር ግን የዮፍታሔ ስእለት በሌላ ሰው ራስ ላይ የወደቀ ነው፤ የእቴጌይቱ ከገዛ ራሳቸው ላይ የወረደ ነው። የመንግሥቱም ነገር አልተረሳም፤ ለሚመጡት እቴጌዎች አምሳያ ዘውድ ተሠራና የመጀመሪያው ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። አምሳያውን የምትደፋ እቴጌ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም።

የባልስ ነገር? ኦሪት ዘኍልቍ በ30ኛው ምዕራፍ ሚስት የተሳለችውን ባል በሰማበት ቀን ሊያፈርሰው እንዲችል ይፈቅዳል፤ ሰምቶ ዝም ካለ ግን ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ቢያፈርሰው ኃጢአቷን እርሱ ይሸከማል። ብዙዎች ይህን የባል ሥልጣን ብቻ አድርገው ያነቡታል። የቃሉ ክብደት ግን በዝምታው ላይ ነው፤ ዝም ያለ ባል ባለዕዳ ሆኗልና። በባሕር ማዶ ላለ ሰው ደግሞ የመስሚያው ቀን ወደ ቤቱ የገባበት ቀን ነው።

በዘመናችን ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ከእነዚያም ባሕር የበላቸው አሉ። እንዲህ ያለ ባል ተርፎ ባዶ እጁን ቢመለስና ሚስቱ ቡና እያፈላች፥ ለገብርኤል ጃንጥላ ተስያለሁ ብትለው፥ እኔ አልተሳልሁም ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፤ አልተሳለም። ነገር ግን እርሱ በጀልባው ውስጥ ሆኖ መፍራት ብቻ ነበረበት፤ እርሷ ግን ፈርታ ደግሞ በራሷ ላይ ዕዳ ጽፋለች። ፍርሃቷን ተቀብሎ ዕዳዋን አልቀበልም ማለት ግማሹን ሚስቱን መቀበል ነው። የልጆቹን እህል ሽጦ ጃንጥላ ይግዛ ማለት አይደለም፤ ቍርባን ነው ብለው አባትና እናታቸውን የከለከሉትን ጌታችን ገሥጿቸዋልና። ድኻ ከሆነ ለንስሓ አባቱ ይንገር፤ ዓመት ይቈይ። ብቻ ዕዳው የርሷ ነው አይበል።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ በሚያወጣው መንገድ ባልና ሚስት በእግራቸው ሲወጡ ይታያሉ። አንዱ ጧፉን ይይዛል፤ አንዱ ጃንጥላውን ይሸከማል፤ ሲደክማቸው ይለዋወጣሉ።