ዳቦው ለማን ተጋገረ?



ዛሬ ስለ ዳቦ ልንነጋገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ከዚህ መድረክ ስለ ጸጋ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ጽድቅ መስማት ለምዳችኋል፤ ስለ ድፎ ዳቦ፣ ስለ ስፌትና ስለ ጀበና ግን ብዙም አይነገርም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ ብሎ ሳምንታት አስቆጥሯል። ጥያቄው ይህ ነው፦ በገዛ እጃችን የጋገርነው፣ የሰፋነው፣ የጠለፍነው ነገር ከገዛነው ይበልጣልን? የሚበልጥ ከሆነስ በምንድን ነው የሚበልጠው?

ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ልንገራችሁ። በአንድ የበዓል እሑድ ስለ እናቶቻችን ሰበክሁ። “የእናቶቻችን ዳቦ የት ሄደ? ዛሬ ሁሉ ነገር ከሱቅ ነው፤ ፕላስቲክ ቀድደን እንበላለን፤ የቤታችን ሽታ ጠፋ” አልኩ። ብዙ ሰው “አሜን” አለ። ከአገልግሎቱ በኋላ፣ በሻይ ሰዓት፣ አንዲት እኅት ቀረብ አለችኝ። ይህች እኅት በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሠራተኛ ናት። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ድፎዎች እያሳየችኝ፣ “ፓስተር፣ እነዚያን የጋገርኳቸው እኔ ነኝ። ሊጡን ማታ አቡክቼ ነው ሥራ የሄድኩት። የገባሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። አልተኛሁም። ከሱቅ ገዝቼ ብመጣ ደግሞ ምን እንደሚባል አውቃለሁ” አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ይህ ነው የባሰብኝ። ዳቦው ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ወገኖቼ፣ ቤቴ ገብቼ ራሴን ጠየቅሁ። የእናቴን ዳቦ ሳስብ የሚመጣልኝ ሽታው ነው። ኮባው ሲላጥ የሚወጣው እንፋሎት፣ የጥቁር አዝሙዱ መዓዛ፣ ከዳር የሚቆረሰው ቅርፊት። ጭሱን ግን አላስታውስም። ለምን? ጭሱ ውስጥ የነበረችው እርሷ ስለ ነበረች ነው። እኔ ውጭ ስጫወት ቆይቼ ዳቦው ሲወጣ ነበር የምደርሰው። ስንዴው ሲለቀም፣ ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ ሲፈጭ፣ ሊጡ ሲቦካ፣ እሳቱ ከታችም ከላይም ሲነድ፣ ዓይኗ ሲቀላ፣ ወገቧ ሲጎብጥ አልነበርኩም። ብኖርም አላየሁም። እንግዲህ ትዝታ ሙሉውን የማይናገር ምስክር ነው። የበላው ሰው ትዝታና የጋገረችው ሴት ትዝታ አንድ አይደለም።

መጽሐፈ መክብብ በሰባተኛው ምዕራፍ፣ ያለፈው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ የሚመነጭ ጥያቄ እንዳልሆነ ያስጠነቅቀናል። እኔ ይህን ቃል ስንት ጊዜ አንብቤው በዳቦ ላይ ሳላውለው ቀረሁ።

አሁን የምንኖርበትን ሰፈር ተመልከቱ። ባቡሩ፣ ያ 19 ቁጥር የምንለው፣ እስከ ሃግሴትራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1960 ነው፤ ሰፈሩም የተሠራው በዚያው አካባቢ ባሉት ዓመታት ነው። የዚያ ዘመን የስዊድን ማእድ ቤት እንዲያው በዘፈቀደ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 የቤት ውስጥ ሥራን የሚመረምር ተቋም ተመሥርቶ፣ አንዲት ሴት ስትሠራ እንዴት እንደምትቆም፣ እንደምታጎነብስ፣ ከምድጃ ወደ ውኃ ቧንቧ እንዴት እንደምትመላለስ ተጠና። የጠረጴዛው ከፍታና የመደርደሪያው ርቀት የተወሰነው እንዲህ ካለው ጥናት ነው። የሴቲቱ ወገብ ይታሰብላት ብሎ የተነሣ ሰው ነበረ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በዚያ ማእድ ቤት ውስጥ ቆመን የድሮው ጭስ ይሻል ነበር ስንል እንገኛለን!

ሌላም አለ። አገር ቤት ሳለን ሰው ለብሶት የተወውን ልብስ መልበስ “ሰልባጅ” ተብሎ ያሳፍር ነበር። እዚህ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሎፒስ ዞረው፣ የሌላ ሰው አያት የለበሰችውን ሹራብ ገዝተው፣ “ቪንቴጅ ነው” እያሉ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ልጆቹን አልነቅፍም፤ ያለውን መጠቀም መልካም ነው። ግን ልብ በሉ፦ ያው ነገር በግድ ሲሆን ድህነት ተባለ፣ በምርጫ ሲሆን ውበት ተባለ።

ጀበናውን፣ መሶቡን፣ ጋቢውንስ ተመልከቱ። ዛሬ በሳሎናችን ከፍ ባለ ቦታ እናስቀምጣቸዋለን፤ እንግዳ ሲመጣ “የእጅ ሥራ ነው” ብለን እንኮራለን። እነዚህን የሠሩትን ሰዎች ግን ምን ስንላቸው ኖርን? ሸማኔውን “ቁጢት በጣሽ”፣ ቆዳ የሚያለፋውን “ፋቂ”፣ ሸክላ የምትሠራዋንና ብረት የሚቀጠቅጠውን “ቡዳ” እያልን ኖረናል። አብረናቸው ለመብላት፣ ከእነርሱ ጋር ለመጋባት ተጸይፈናል። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ የሚያስፈልገው በሽታው ሥር ሲሰድ ነው። እንግዲህ ሥራውን ወደድን፣ እጁን ናቅን ማለት ነው። ዳቦውን አመስግኜ የእኅቴን ሌሊት ሳላይ ስቀር የሠራሁት ስሕተት ይኸው የአባቶቼ ስሕተት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምጣዱን እንጣለው? መርፌና ክሩን እንተወው? ሁሉን ከሱቅ ገዝተን እንገላገል? አይደለም፤ ይህንንም አልልም። ምክንያቱም ደስታው እውነተኛ ነው።

ከዚያ እሑድ በኋላ እኔ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ከሱቅ ያቺን በወረቀት የተጠቀለለች 50 ግራም እርሾ ገዛሁ፤ ኮባ በሌለበት አገር የሙዝ ቅጠል ከእስያ ሱቅ በረዶ ሆኖ አገኘሁ። የመጀመሪያው ዳቦዬ ከላይ አሮ ከውስጥ ሊጥ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ተማርኩ፦ ሊጥ አይቸኩልም። ስልኬን ብነካካ፣ ሰዓቴን ባይ፣ ኩፍ የሚለው በራሱ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዘኝ፣ ሰዓት ሲያሯሩጠኝ ውዬ፣ በዚያች ማእድ ቤት ውስጥ መጠበቅን እንደገና ተማርኩ። በጣቶቼ መካከል የነበረው ነገር ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕይወት ያለው መሰለኝ። ጌታ መንግሥተ ሰማያትን ሴት በዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ ለምን እንደ መሰላት ያን ቀን በእጄ ገባኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት አረጋዊት ስዊድናዊት ጎረቤቴ በደረጃው ላይ አስቆሙኝና “ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው? ካርዳሞን ነው?” አሉኝ። “ኮረሪማ ነው” አልኳቸው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ በእነርሱ ቡለ ውስጥ ያለውና በእኛ ዳቦና ቡና ውስጥ ያለው ከአንድ የዝንጅብል ቤተሰብ የሚወለዱ ናቸው። ቆርሼ ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ስለ እናታቸው አጫወቱኝ። በድሮ ስዊድን እንግዳ ሲጠራ ከቡና ጋር ሰባት ዓይነት ብስኩት መቅረብ ነበረበት አሉኝ። በዚሁ በ“ሰባት ዓይነት” ስም የተጠራ የመጋገሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1945 ወጥቶ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። ከሰባት ያነሰች ንፉግ ትባላለች፣ ከሰባት ያለፈች ታይታ ወዳድ ትባላለች። “እናቴ መጋገር ትወድ ነበር፤ መቆጠሩን ግን ትፈራ ነበር” አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መጋገሩ ደስታ ነበር፤ መቆጠሩ ሸክም ነበር። ስጦታ የነበረው ነገር ግብር ሲሆን ጣዕሙ ይጠፋል። በኅብረታችን ውስጥ ስንት እኅቶች ዳቦ ያመጣሉ፣ ለፍቅር ሳይሆን “ምን ይሉኛል” ብለው? እኛስ ስንቶቻችን ነን የሱቅ ዳቦ ይዛ የመጣችውን በዓይናችን የለካን?

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የእጅ ሥራ በምን ይበልጣል? በጥንታዊነቱ አይደለም። በድካሙ ብዛትም አይደለም፤ ድካም ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። ለእኔ የገባኝ ይህ ነው፦ በእጅ የተሠራ ነገር ትልቅነቱ፣ ሠሪው ስለ ሌላው ሰው ያሰበበት ጊዜ በውስጡ ስላለ ነው። ያ አሳብ ከሌለ ዳቦው ዱቄትና ውኃ ነው። ያ አሳብ ካለ ደግሞ ከሱቅ የተገዛውም ዳቦ ከብሯል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችውን ጣቢታን አስቡ። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት ምን ነበር? የሰፋችላቸውን ልብሶች። ስለ እርሷ ረጅም ንግግር አላደረጉም፤ ልብሱ ነበር የሚናገረው። ልብሱ ያማረ ይሁን አይሁን አልተጻፈም። ለማን እንደ ተሰፋ ግን ተጽፏል።

በዚህች አገርም እንደ ጣቢታ ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ እኛንም ይመለከተናል። ባለፈው መቶ ዓመትና ከዚያም በፊት በስዊድን ከተሞችና ገጠሮች ሴቶች በስፌት ማኅበር ይሰበሰቡ ነበር። ካልሲ ይሠራሉ፣ ጨርቅ ይጠልፋሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፤ አንዷ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ የሚሲዮን ደብዳቤ ታነብላቸዋለች። የሠሩት በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡ ለሚሲዮን ይላካል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ ከኋላቸው እንዲህ ያሉ ጣቶች ነበሩ። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ በዚያ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በእነርሱ ዘንድ ተማረ፤ ወደዚህ ወደ ስቶክሆልም መጥቶም ተማረ። በኋላም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ለሕትመት አበቃ። የትኛው ካልሲ የትኛውን ፊደል እንዳስተማረ ሰማይ ያውቃል። እነዚያ ሴቶች የሠሩት ሳሎናቸውን ለማስጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ፈጽሞ ለማያዩት ሰው ጭምር ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው፣ ምንም ሳይዙ፣ ደክሟቸው ነበር። ማለዳ ወደ ምድር ሲወጡ ፍም፣ ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ አገኙ። ያዘጋጀው ማን ነበር? ከሞት የተነሣው ጌታ! ያን ማለዳ እሳቱን ያነደደው ሊገለገል የሚገባው እርሱ ነው። ለማን? ሌሊት ሲሠሩ ላደሩት። እኔ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ። የሌሊት ሠራተኛዋን እኅቴን ግን በዚያ ባሕር ዳር አላየኋትም ነበር። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ ሌሊት የሠራችው እሳቱን ታነድዳለች፣ ተኝቶ ያደረው ቀርቦ ይበላል።

ስለዚህ በኅብረታችን አንዳንድ ነገር ተስማምተናል። ዳቦ የሚያመጣው ተራ የወንዶችንም ስም ይይዛል። የሱቅ ዳቦ ይዞ የመጣ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ይመሰገናል። መጋገር፣ መስፋት፣ ጥልፍ መጥለፍ የሚወዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ልጆቹን ያስተምራሉ፤ የሚመጣ በደስታ ይመጣል፣ ያልመጣ አይጠየቅም።

እናንተም በየቤታችሁ ሊጡን ስታቦኩ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን የማደርገው ለማን ነው? ባላደርገው የምፈራው ሰው አለ? በእኔ ደስታ ውስጥ የማላየው የማን ድካም አለ? ለነዚህ በእውነት ከመለሳችሁ በኋላ ጋግሩ፣ ስፉ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርካል።

ያቺ እኅቴ ባለፈው እሑድ ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ባዶ እጇን። እኔ አራተኛ ሙከራዬ የነበረውን ድፎ ቆረስኩላት። አንድ ጉርሻ በላችና “ጨው ረስተሃል፣ ፓስተር” አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ደግሞም ጨረሰችው።

አባት ሆይ፣ ያለፈውን በእውነት የምናስታውስ፣ የዛሬውን ድካም የምናይ ዓይን ስጠን። እጆቻችንን ለፍቅር አንቀሳቅሳቸው። የደከሙትንም አሳርፋቸው። አሜን።