ጆሮ ሲመሰክር

የጆሮ ማዳመጫዬ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 300 ኦም ስለሆነ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይወዳል፤ ስልክ ላይ ሲሰካ አንዳንዴ ድምፁ ያንሳል። አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል፤ ግን የስንት ብር?

ጄዲኤስ ላብስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 «አቶም» የተባለውን አምፕሊፋየር በ99 ዶላር አወጣ። የድምፅ መዛባቱ የሰው ጆሮ ከሚለየው በታች ነው። እኔ ያለኝ እሱ ነው፤ ወዳጄ ደግሞ ብዙ እጥፍ የከፈለበትን አምፕሊፋየር ይዞ፣ «ያንተው ነፍስ የለውም» ይለኛል።

ይህ አባባል ሊፈተን ይችላል። የሁለቱን ድምፅ በቮልት መለኪያ እኩል ማድረግ ግድ ነው፤ በጥቂቱ ጎላ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ የትኛው እንደሚጫወት መደበቅ። ሐዋርያው ቶማስ ለማመን ማየት ፈለገ፤ እዚህ ግን ለማመን አለማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ ሲደበቅብኝ የሚጠፋ፣ ሲነገረኝ የሚመለስ ልዩነትን ሰማሁት ልበል? ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ደስታውም እንዲሁ። መንስኤው ግን አምፕሊፋየሩ ውስጥ የለም፤ እሱ ቅጂው ያልያዘውን አይጨምርም። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የቀድሞ የፒያኖ ቅጂዎች የትኛውም አምፕሊፋየር አዲስ አያደርጋቸውም (ደግሞ ማን አድርጉልኝ አለ?)።

ወዳጄ የሚያብረቀርቀውን ሣጥን ማየት ደስ ይለዋል። ለዚያ መክፈል ኃጢአት የለበትም። የሚከነክነኝ ዓይኑ ለወደደው ጆሮውን ምስክር ማቆሙ ነው። እኔ ባለ 99 ዶላሩን ያዝኩ፤ የተረፈው ገንዘብ ሙዚቃ መግዣ ሆነ።