ልብ የወለደው እውነት

«ልብ ወለድ» ማለት ልብ አስቦ የወለደው ታሪክ ነውና፣ የሐሰት ምስክርነትን በሚከለክል እምነት ያደገ ወጣት ደራሲ ለመሆን ሲነሣ፣ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ውሸት ይሆን ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ዋሾ የሚፈልገው አድማጩ እንዲታለልለት ነው፤ ደራሲና አንባቢ ግን ታሪኩ የተፈጠረ መሆኑን አስቀድመው የተስማሙ ናቸው። የወንጌሉን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ሰምቶም የልጁን ስምና አገር የሚጠይቅ የለም።

ይህ ወጣት ስለ መሰሎቹ መጻፍ ቢፈልግም መንገዱ አዲስ አይደለም፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ባለታሪክ ወጣት ሴት (ያውም ወንድ መስላ የምትጓዝ) መሆኗ፣ ወጣትን የታሪክ ማዕከል ማድረግ ለአማርኛ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

በሸካ ዞን በማሻ ከተማ ለሚኖር ጀማሪ ደራሲ ግን ያ የውሸትና የእውነት ጥያቄ ይበረታል፤ አፉን የፈታው በሸክኖኖ፣ ማለትም ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው የሸካቾ ሕዝብ ቋንቋ ከሆነ፣ በአማርኛ ሲጽፍ ባለታሪኮቹን ገና ከመፍጠሩ ወደ ሌላ ቋንቋ ያሻግራቸዋል። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ግን አባቷን ተከትላ ማር ልትቆርጥ የገባች ልጅ ምን እንደፈራች አይነግርም፤ ይህን መናገር የደራሲው ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ከሌሎች መጻሕፍት የተዋሰ ደን ይዞ ይመጣል፤ እርማትም ፊደል ማቃናት ብቻ ሳይሆን፣ በማሻ ያልበቀለውን ዛፍ እየለዩ ከገጹ መንቀል ነው።