«ለበጎ ነው» ማለት የማን ነው?

ሰው ልጁን በቀበረ፣ ከሹመቱ በተሻረ፣ ወይም ሀብቱ በእሳት በጠፋበት ጊዜ፣ ሊያጽናናው የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ ገና ተቀምጦ ሳይደላደል የሚያቀርብለት ቃል «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» የሚል ነው። በቃሉ ስሕተት የለበትም፤ በእግዚአብሔር መግቦት የሚያምን ሁሉ ፈጣሪ ከክፉው ነገር ውስጥ እንኳ መልካሙን ሊያወጣ እንደሚቻለው ይመሰክራልና። ነገር ግን እውነተኛ ቃል ሁሉ በማንም አፍ፣ በማናቸውም ሰዓት ቢነገር እውነትነቱን ይዞ ይኖራል ለማለት አልደፍርም፤ ስለዚህም በመከራ ውስጥ ተሰውሯል የሚባለው በጎ ዕድል በምን መንገድ እንደሚገለጥ፣ ተገልጧል ብሎ መናገሩም ለማን እንደሚገባ ጥቂት ልመርምር ወደድሁ።

ይህ ነገር በተነሣ ቍጥር የአገራችን ሰው አስቀድሞ የሚጠቅሰው ቅዱስ ያሬድን ነው። ትምህርቱ አልገባ ብሎት ከመምህሩ ቁጣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ፣ እየወደቀች እየተነሣች ዛፉን የወጣችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ስለ ሆነ አልደግመውም። ታሪኩ ጽናትን ያስተምራል፤ ይሁን እንጂ ደጁ ከውጭ የተዘጋበት እስረኛ ደጋግሞ ቢሞክር የሚወጣው ዛፍ የለውም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የዮሴፍን ታሪክ ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርከው፣ ዮሴፍ የ17 ዓመት ብላቴና ሳለ ወንድሞቹ ጕድጓድ ውስጥ ጥለው በ20 ብር ሸጡት፤ በፈርዖን ፊት የቆመው ግን በ30 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ያሉት 13 ያህል ዓመታት ከፊሉ በባርነት፣ ከፊሉ በጌታው በጲጥፋራ ሚስት የሐሰት ክስ ምክንያት በግዞት ቤት ያለፉ ናቸው። እኛ አንባቢዎቹ መጨረሻውን አስቀድመን ስለምናውቅ ጕድጓዱንም፣ ሽያጩንም፣ ወኅኒውንም ወደ ሹመት የሚያወጣ የመሰላል እርከን አድርገን እንቆጥረዋለን፤ በውስጡ ለነበረው ሰው ግን ጕድጓድ ጕድጓድ፣ ወኅኒም ወኅኒ እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው አንድ ማለዳ ነው። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃና የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ንጉሣቸውን በድለው ከዮሴፍ ጋር ታስረው ሳሉ፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ሕልም አይተው አደሩ፤ ያገለግላቸው የነበረው ዮሴፍም ሲነጋ ገብቶ ቢያያቸው ፊታቸው በኀዘን ጠቁሯልና ምን እንዳገኛቸው ጠየቃቸው። እስረኛ በእስር ቤት ቢያዝን ምን ያስደንቃል? ዮሴፍ ራሱ ያለ በደሉ የታሰረ ነውና፣ የራሱን ኀዘን ታቅፎ ቢያልፋቸው ማንም አይፈርድበትም ነበር። ደግሞም ለወንድሞቹ ቅናት ዳርጎ ለባርነት ያበቃው የራሱ ሕልም መሆኑን ስናስብ፣ የሌላውን ሰው ሕልም ለመስማት ጆሮውን መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ቤተ መንግሥት የሚያደርሰው ደጅ በዚያች ጥያቄ ተከፈተ፤ እርሱ ግን በዚያች ሰዓት የተመለከተው የሁለት ሰዎችን ፊት እንጂ ደጁን አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ለጠጅ አሳላፊው ሕልሙን ከፈታለት በኋላ በፈርዖን ፊት እንዲያስበው ለምኖታል፤ ሰው ነውና ከእስር መውጣት ይሻል። ሆኖም በዚህ ልመና የተጠባበቀው ተስፋ ወዲያው ፍሬ አልሰጠም፤ ሰውዬው ፈጽሞ ረሳው፣ 2 ዓመትም አለፈ።

እዚህ ላይ «በመከራ ሁሉ ውስጥ ዕድል አለ» የሚሉ ሰዎች ዘለው የሚያልፉት አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የእንጀራ አበዛው ነው። በዚያው ግዞት ቤት ታስሮ፣ በዚያው ሌሊት አልሞ፣ በዚያው አፍ ሕልሙ ተፈትቶለት፣ በሦስተኛው ቀን ተሰቀለ። ለእርሱ ተሰውሮ የነበረው ዕድል ምን ነበር? እኔ የማሳየው የለኝም፤ አለ ብዬ ብፈጥርለትም በሙት ላይ መቀለድ ይሆንብኛል። ይህን ያህል ግን እላለሁ፤ ዮሴፍ የሁለቱንም ፊት እኩል አየ፣ ሁለቱንም እኩል ጠየቀ። ከመጠየቁ በፊት የትኛው ጠቃሚ፣ የትኛው ሟች እንደ ሆነ አልለየም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤታችንም ይህንኑ የሚመስል ነገር አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከለክልበትን ዱላ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ሊቅ የሚሆነው በረኃቡ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ረኃብ ዜማ አያስተምርም፣ ተስቦም ቅኔ አይዘርፍም፤ አእምሮው ስል የነበረ ስንት ተማሪ ወደ ጎጆው ሳይመለስ በመንገድ ቀርቷል። ይልቅስ ተማሪውን ያሳደገው፣ እርሱው ገና ያልጠገበውን ትምህርት ከእርሱ ለሚያንሰው ጀማሪ ሲያስጠና ማምሸቱ፣ ያመጣትንም ድርቆሽ በውኃ አርሶ ታሞ ለተኛው ባልንጀራው ማካፈሉ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ታሪክም ወደዚሁ ያደርሰናል። 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን ሠሩ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት መተንተን በጀመሩ ጊዜ ግን ቍስሉን አመረቀዙበት፣ በመጨረሻም ከእግዚአብሔር ተግሣጽ ደረሰባቸው። የኢዮብም ምርኮው የተመለሰው፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ስለ እነዚሁ ስላሳዘኑት ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው።

«ለበጎ ነው» የሚለውንማ ቃል ዮሴፍም ተናግሮታል። የተናገረው ግን የተሸጠው እርሱ ራሱ ነው፤ የተናገረውም ለሸጡት ወንድሞቹ፣ አባታቸው ያዕቆብ ከተቀበረ በኋላ ይበቀለናል ብለው ፈርተው በፊቱ በወደቁ ጊዜ ነው። ወኅኒ ሳለ ለእስረኞቹ ይህን እንዳላቸው አልተጻፈም። ለወንድሞቹም ቃሉን ከነገራቸው በኋላ እነርሱንና ልጆቻቸውን እንደሚመግብ ተስፋ ሰጥቶ፣ ልባቸውን አረጋጋ።