ሥራ ፈላጊን መፈተን በደል ነውን?



ቁርአን ካስቀራኋቸው ልጆች አንዱ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። በቅርቡ ለመቀጠር ሄዶ ተከፍቶ ተመለሰ። «ኡስታዝ፣ ሰርተፍኬቴንና የብቃት ምዘና ማለፌን አሳየኋቸው። እነሱ ግን ፒንሳ አስይዘው እንደ ጀማሪ ፈተኑኝ። ይህ ‹ውሸታም ነህ› ከማለት በምን ይለያል?» አለኝ።

እውነቴን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ለእሱ አደላሁ። በሰው ላይ መልካም ግምት እንዲኖረን ታዘናልና። ታዲያ የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው «እስቲ ሠርተህ አሳየን» ማለት በደል ነውን?

ምን እንዳሠሩት ጠየቅሁት። የማከፋፈያ ሳጥን ከፍተው አንዱ መስመር ለምን እንደማይሠራ ፈልግ አሉት። ብልሽቱን ቶሎ አገኘው። ነገር ግን ሽቦውን ሊነካ ሲል ኃይሉ መጥፋቱን በቴስተር አላረጋገጠም ነበር፤ ፈታኙ እጁን ይዞ አስቆመው። ይህን ደንብ በትምህርት ቤት ስንት ጊዜ መልሶታል! ወረቀቱ አልዋሸም። ነገር ግን ወረቀት የሚመሰክረው በዚያ ቀን ስለነበረው ነው፤ እጅ ደግሞ ዛሬ የለመደውን ይናገራል።

በመድረሳ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሊያሰግደን የመጣን ሰው ከማን እንደቀራ ጠይቀን ስናበቃ «እስቲ ቅራልን» እንለዋለን፤ ማንም አይቀየምም። በሱረቱል ቀሰስም ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን ሲደርሱ ለሁለቱ ሴቶች መንጋቸውን አጠጡላቸው። ኋላ አንዷ ይቀጥሯቸው ዘንድ አባቷን ስትመክር ያነሳችው ብርታትንና ታማኝነትን ነው። ብርታታቸውን በወሬ አልሰማችም፤ ውኃው ዘንድ በዓይኗ አይታለች።

በ319 ዓመተ ሂጅራ (931 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ አንድ በሽተኛ በሐኪም ስሕተት መሞቱን ኸሊፋው አል ሙቅተዲር ሰማ። ሲናን ኢብን ሳቢት ካልፈተነው በቀር ማንም እንዳያክም አዘዘ። በከተማይቱ የተፈተኑት ከ860 በላይ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ከእነዚህ አንዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ ግን አላቸው። ሲናን አላባረራቸውም። የማያውቁትን እንዳይሞክሩ፣ ከቀላል ሕመም በቀርም ደም እንዳያፈሱና የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳያዙ ቃል አስገብቶ አሰናበታቸው። ልብ በሉ! የፈተናው ዓላማ እንጀራ መዝጋት ሳይሆን ሰውን ከማያውቀው ነገር ማቆም ነበር።

ይሁን እንጂ ፈታኙም አላህ ፊት ይጠየቃል። «ለፈተና ነው» ብሎ ከአምስት በያጆች የመስኮት ፍርግርግ አሠርቶ፣ አንዱንም ሳይቀጥር ፍርግርጉን ለደንበኛ የሸጠ ባለ ወርክሾፕ አውቃለሁ። ይህ ፈተና አይባልም፤ የሰው ላብ መብላት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል። ባዳውን ፈትኖ ዘመዱን ያለ ፈተና የሚያስገባም እንዲሁ በዳይ ነው። ለመፈተን የሚገባው በሚቀጠርበት ሥራ ነው፤ ለሁሉም እኩል ሆኖ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ እስኪረጋጋ ጥቂት ጊዜ ተሰጥቶት። ተፈትኖ የወደቀም የት ላይ እንደሳተ ሊነገረው ይገባል።

ለልጁ፣ «ፈታኙ እጅህን ሲይዝ ያዋረደህ መሰለህ። መስመሩ ኃይል ቢኖረውስ ኖሮ?» አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እናቴን አሰብኳት» አለኝ።

ሥራውን ለሌላ ሰጡት። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ሌላ በር ይከፈትለታል ኢንሻ አላህ። እናንተም ውድ አንባቢያን፣ ስትፈተኑ አትቀየሙ፤ ስትፈትኑም አትበድሉ።

ወላሁ አዕለም።